«ኦሪጅናሉ ሸክላ» የትኛው ነው? ስለ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ለቀረበው ንጽጽር የተሰጠ ምላሽ

የጃዝ ትራምፔት ነፊውን የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አልበም በ1959ኙ ሸክላ ያልሰማ ሰው አልበሙን ገና አልሰማውም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ጸሐፊው ሸክላውንና ሲዲውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሰባት ነጥብ ዘርዝረዋል። ሸክላው ኦሪጅናሉን ድምፅ ይዟል፤ ሲዲ ድምፅን ይቆራርጣል፤ በሸክላው ላይ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ ሲዲው ጆሮ ይወጋል፤ ክብደት ያለው ሸክላ ከቀላሉ ይሻላል፤ ጆሮ አይዋሽም፤ ሸክላ ዘላለማዊ ነው። አጻጻፋቸው ደስ ይላል፣ አልበሙን ከልባቸው እንደሚወዱትም ያስታውቃል። ከሰባቱ ግን ስንነካው ሳይወድቅ የሚቀረው አንድ ተኩል ያህል ነው።

እኔም ሸክላ እሰበስባለሁ። ከሽፋኑ ማውጣቱን፣ አቧራውን መጥረጉን፣ መርፌው ከመውረዱ በፊት ያለችውን አንዲት ትንፋሽ የምታህል ዝምታ እወዳለሁ። ስለዚህ የሲዲ ጠበቃ ሆኜ አልቆምኩም። «ሸክላ ወይስ ሲዲ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። መጠየቅ ያለበት ከየትኛው ቴፕ፣ በማን እጅ፣ መቼ ተዘጋጀ የሚለው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ጸሐፊው ከሁሉ አስቀድመው ያነሡት የመጀመሪያው ሸክላ በስቱዲዮው ውስጥ የተሰማውን ድምፅ እንዳለ ይዟል የሚለውን ነው። ይህን ስለ ሌላ አልበም ጽፈውት ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ረጅም ይሆን ነበር። በዚህ አልበም ላይ ግን የጠሩት ምስክር ራሱ ይከዳቸዋል።

ሙዚቃው የተቀዳው ኒውዮርክ ውስጥ 30ኛው ጎዳና ላይ በነበረው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ነው፤ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ፣ ጣሪያው ሩቅ የሆነ አዳራሽ። ሥራው በሁለት ቀን አለቀ። ማርች 2 ቀን 1959 «ሶ ዋት»፣ «ፍሬዲ ፍሪሎደር» እና «ብሉ ኢን ግሪን» ተቀዱ፤ ኤፕሪል 22 ደግሞ «ፍላሜንኮ ስኬችስ» እና «ኦል ብሉስ»። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ሙዚቃዎች የሸክላው አንደኛ ገጽ ሆኑ፣ የሁለተኛው ቀን ሁለቱ ሁለተኛ ገጽ። ያኔ ሁለት መቅረጫዎች አብረው ይዞሩ ነበር፤ አንዱ ዋናውን ቴፕ፣ ሌላው መጠባበቂያውን ይቀርጻል። ማርች 2 ቀን ታዲያ ዋናው መቅረጫ ከሚገባው ትንሽ ቀስ ብሎ ይዞር ነበር። ቀስ ብሎ የተቀዳ ቴፕ በመደበኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፤ የፈጠነ ድምፅ ደግሞ ይቀጥናል። ሸክላው የተሠራው ከዚህ ቴፕ ነው።

እንግዲህ ኦገስት 17 ቀን 1959 የወጣው፣ ጸሐፊው «እንዳለ» ያሉት ሸክላ፣ አንደኛ ገጹ ከዳር እስከ ዳር ሰዎቹ ከተጫወቱበት ከፍ ብሎ ነው የሚጮኸው። ልዩነቱ ግማሽ ቶን፣ ማለትም በሁለት አጎራባች የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያለውን ርቀት፣ አይሞላም። ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው ምንም አይመስልም። ከሸክላው ጋር አብሮ ለመጫወት የሞከረ ሙዚቀኛ ግን አንድ ነገር እንዳልገጠመ ያውቀዋል። ትራምፔት ነፊው ቧንቧውን ትንሽ ገፋ አድርጎ ይስማማል፤ ፒያኖ ተጫዋቹ በሁለት ቁልፍ መሃል ምን ያግኝ? ስሕተቱ 33 ዓመት ቆይቶ በ1992 ታረመ። የታረመውም ያን ቀን በልኩ ይዞር ከነበረው ከሌላኛው መቅረጫ የተገኘውን መጠባበቂያ ቴፕ አውጥተው ነው። እርማቱ የወጣው ደግሞ ጸሐፊው «ግልባጭ» ባሉት በሲዲ ነው።

ይህን ይዤ «ሲዲ አሸነፈ» ብል እኔም እሳቸው የወደቁበት ጉድጓድ እወድቃለሁ። ከ1992 በፊት የወጡት ሲዲዎች ያንኑ ስሕተት ወርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ከታተሙት ሸክላዎች ደግሞ ብዙዎቹ በታረመው ፍጥነት የወጡ ናቸው። አንድ ሰው የ1980ዎቹን ሲዲ ከዛሬ ሸክላ ጋር ቢያነጻጽር ሸክላው ልክ፣ ሲዲው ስሕተት ይሆናል። ቀይረው ቢያነጻጽሩት ይገለበጣል። ስሕተቱ ያለው ቴፑ ላይ ነው፤ ፕላስቲኩ ምን በደለ?

ለጸሐፊው የሚያግዝ፣ ነገር ግን እሳቸው ያላነሡት አንድ ክርክር ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ቅጂ ባለሦስት ትራክ ቴፕ (ሦስት ድምፅ ጎን ለጎን ለየብቻ የሚይዝ) ላይ ነው ያለው። በ1997 የወጣውን እትም የድምፅ መሐንዲሱ ማርክ ዋይልደር ከእነዚያ ሦስት ትራኮች እንደገና ሚክስ አድርጎ፣ ማለትም የየትራኩን መጠን እንደገና መጥኖ አዋህዶ ነው የሠራው። ስለዚህ በታረመው ሲዲ ላይ የምንሰማው የመሣሪያዎቹ ሚዛን ከ38 ዓመት በኋላ የሌላ ሰው ጆሮ የወሰነው ነው። የ1959ኙን ሚክስ እፈልጋለሁ፣ ቅኝቱ ቢዛባም ግድ የለኝም የሚል ሰው ካለ አከብረዋለሁ፤ ምርጫው ምክንያት አለው። ምክንያቱ ግን «ሸክላ ስለሆነ» አይደለም።

ደግሞስ የመጀመሪያው ሸክላ ሲባል የትኛው? አልበሙ በአንድ ጊዜ በሁለት መልክ ወጥቷል፦ ሞኖው (ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር) በቁጥር ሲ ኤል 1355፣ ስቴሪዮው (በግራና በቀኝ ተከፍሎ) በቁጥር ሲ ኤስ 8163። ሸክላ ሲሠራ መጀመሪያ ላከር በሚባል ለስላሳ ሳህን ላይ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ይቆረጣል። ከዚያ በብረት ተለብጦ «አባት» የሚባለው ሳህን ይወጣል፣ ከአባት «እናት»፣ ከእናት ደግሞ ሸክላውን የሚጨፈልቀው ማተሚያ። ማተሚያው ያረጃል፣ ይቀየራል። ላከሩም ብዙ ገበያ ላለው አልበም አንድ ብቻ አይደለም፤ ለተለያዩ ፋብሪካዎች ተደጋግሞ ይቆረጣል። ከመለያው ዳር ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫሩት ጥቃቅን ቁጥሮችና ፊደሎች የሚናገሩት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ማተሚያ መጀመሪያ ካወጣቸው አንዱ የደረሰው ሰውና ያረጀ ማተሚያ መጨረሻ ላይ የጨፈለቀው የደረሰው ሰው፣ ሁለቱም «የ1959 ኦሪጅናል አለኝ» ይላሉ። ጸሐፊው የያዙት የትኛውን እንደሆነ አልነገሩንም፤ ሞኖ ይሁን ስቴሪዮ እንኳን አልጻፉም። (በነገራችን ላይ በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ላይ የሁለተኛው ገጽ ሙዚቃዎች ስም ተገለባብጦ ታትሟል። «ኦል ብሉስ»ን «ፍላሜንኮ ስኬችስ» እያለ ዓመታት የኖረ አድማጭ ሳይኖር አይቀርም።)

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንሂድ። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ስለሚቆርጥ በቁራጮቹ መካከል ያለው ሙዚቃ ይጠፋል፣ የሚቀረው ደረጃ ደረጃ ያለው ሞገድ ነው ይላሉ። ሥዕሉ በየመጽሔቱ ስለሚታይ ብዙ ሰው ያምነዋል። ሃሪ ናይክዊስት በ1928፣ ክሎድ ሻነን በ1949 ያስቀመጡት ሒሳብ ግን ሌላ ነው የሚለው። አንድ ድምፅ ከተወሰነ ድግግሞሽ (ሞገዱ በሰከንድ ከሚርገበገብበት ብዛት) በላይ ካልወጣ፣ የዚያን ድግግሞሽ ከእጥፍ በላይ ጊዜ ከለካነው፣ ሞገዱን ሙሉ በሙሉ መልሰን መሥራት እንችላለን። «በግምት» አይደለም፤ በነዚያ ነጥቦች ውስጥ የሚያልፍ፣ ከወሰኑም የማይወጣ ሞገድ አንድ ብቻ ነው። የ44,100 ግማሽ 22,050 ነው፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው ጣሪያ 20,000 ኸርትዝ ገደማ፣ ያውም በልጅነት። ማጫወቻው ውስጥ ያለው ማጣሪያ ነጥቦቹን ሲያገናኛቸው የሚወጣው ለስላሳ ሞገድ ነው። ደረጃው ያለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ለፍትሕ ሲባል፣ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ይህን ሒሳብ ሁልጊዜ በደንብ አይፈጽሙም ነበር። ሲዲ ጃፓን ውስጥ ኦክቶበር 1982 ለሽያጭ ሲቀርብ ማጣሪያዎቹ ሻካራ ነበሩ፣ ስቱዲዮዎቹም ዕቃውን ገና እየለመዱት ነበር። በዚያ ዘመን የተመረረ ሰው ያለ ምክንያት አልተመረረም። ግን ያ ቅሬታ የዚያ ዘመን ዕቃ ቅሬታ ነው፤ ዛሬ በርካሽ የሚገኘው ማጫወቻ እንኳን ከዚያ አልፏል።

እኔን ያሳመነኝ ሒሳቡ ብቻ አልነበረም። የራሴን ሸክላ ከማጫወቻዬ ላይ በሲዲ መጠን፣ በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎኸርትዝ፣ ቀዳሁት። ከዚያ ጓደኛዬ ሳላይ ከሸክላው ወደ ቅጂው፣ ከቅጂው ወደ ሸክላው እየቀያየረ አሰማኝ። ልለያቸው አልቻልኩም። ያ «የሸክላ ሙቀት» የምንለው፣ የቤዙ ልስላሴ፣ መንጣጣቱ ሳይቀር፣ ሁሉም ሲዲው ላይ ቁጭ ብሏል። ሲዲ በመቆራረጡ የሚያጠፋው ነገር ቢኖር መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ነበር። ሙቀቱ እንግዲህ ሸክላው ከቴፑ የጠበቀልን ነገር አይደለም፤ ሸክላው ራሱ የጨመረው ነው። መውደድ ይቻላል፤ እኔም እወደዋለሁ።

ሦስተኛው ነጥባቸው ላይ ጸሐፊው ቁጥር ይዘው መጥተዋል። የዳይናሚክ መለኪያ ፕሮግራም ተጠቅመው ከሸክላው የተቀዳው ፋይል ከሲዲው ከፍ ያለ ቁጥር አሳይቷቸዋል፤ ስለዚህ ሸክላው ያልታፈነ ነው ብለው ደመደሙ። ፕሮግራሙ የሚያየው በድምፁ ጫፍና በአማካዩ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ድምፅ በቆራጩ፣ በመርፌውና በቅድመ ማጉያው ውስጥ ሲያልፍ የሞገዱ ክፍሎች እርስ በርስ ትንሽ ይንሸራተታሉ፤ በዚህም ጫፎቹ ከፍ ይላሉ። ጆሮ የሚሰማው ለውጥ የለም፣ ቁጥሩ ግን ያድጋል። አንድ ዓይነት ማስተር (ለሕትመት የተዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ) በሲዲና በሸክላ ወጥቶ እንኳን የሸክላው ቁጥር በጥቂት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ሲበልጥ ይታያል። ይህን መለኪያ ሁለት ሲዲዎችን ለማነጻጸር ቢጠቀሙበት ጥሩ ነው፤ ሸክላን ከሲዲ ለማነጻጸር ግን አልተሠራም።

ትክክለኛው ስፋት ስንት ነው? ባለ16 ቢቱ ሲዲ በሒሳብ 96 ዴሲቤል ይይዛል። ሸክላ በጥሩ ቀኑ ከ60 እስከ 70 ነው። ግን ቆይ፤ በ1959 ቴፕ ላይ ያለው ራሱ ስንት ነው? ዶልቢ የተባለው ኩባንያ የቴፕን ሽሽታ የሚቀንስ ዘዴውን ይዞ የመጣው ከ1965 ወዲህ ነው። የማርች 2ቱ ቴፕ የራሱ ሽሽታ አለው፣ ስፋቱም ከጥሩ ሸክላ ብዙ አይርቅም። በዚህ አልበም ላይ የሲዲው 96 ዴሲቤል በአብዛኛው ባዶ ቦታ ነው። ይህን ለሸክላው ወገን በነፃ እሰጣለሁ።

ልዩነቱ የሚወጣው ሌላ ቦታ ነው፣ እሱን ጸሐፊው ጨርሶ አላዩትም። ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ይዞራል። ዳር ላይ መርፌው በሰከንድ 50 ሴንቲሜትር ያህል ቦይ ይረግጣል፤ መሃል ሲደርስ 21 ገደማ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ መጻፍ ያለበት ድምፅ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ወደ መሃል በተጠጋን ቁጥር ጽሑፉ ይጠባል፣ ከፍተኛ ድግግሞሽ ይደክማል፣ መዛባቱ ይጨምራል። አሁን የአልበሙን አቀማመጥ ተመልከቱ። የአንደኛው ገጽ መጨረሻ፣ ማለትም መጥፎው ቦታ፣ ላይ ያረፈው «ብሉ ኢን ግሪን» ነው። ማይልስ ትራምፔቱ አፍ ላይ ሃርመን ሚውት የሚባለውን ድምፅ ማፈኛ ሰክቶ እንደ ሹክሹክታ የሚነፋበት፣ ቢል ኢቫንስ ጣቱን ፒያኖው ላይ የማያሳርፍ የሚመስልበት፣ ከአልበሙ ሁሉ ስሱ ክፍል። ያ ቀጭን፣ ብረት ብረት የሚል የሚውት ድምፅ ከፍተኛ ድግግሞሽ የበዛበት ነው። የሁለተኛው ገጽ መጨረሻም «ፍላሜንኮ ስኬችስ»፣ እዚያም ማይልስ በሚውት። ድምፃቸው ዝቅ ያለ መሆኑ ከመዛባቱ ትንሽ ያድናቸዋል፣ በዚያው ልክ ግን የሸክላው መንጣጣት ጎልቶ ይሰማል። ያውም ቅጂው በ1960ዎቹ ከባድ መርፌ ተደጋግሞ ካልታረሰ ነው። ለሲዲ የመጀመሪያው ደቂቃና የመጨረሻው ደቂቃ አንድ ናቸው።

ስለዚህ «የሸክላው ስፋት» ያሉትን ለመፈተን «ሶ ዋት» መግቢያ ላይ ኢቫንስና ባሲስቱ ፖል ቻምበርስ በዝግታ የሚነጋገሩበትን ክፍል ያዳምጡ፤ ከዚያ የማይልስ ሶሎ ሲጀምር ከበሮ መቺው ጂሚ ኮብ ሲምባሉን የሚመታባትን ቅጽበት። ያቺ ሲምባል በአዳራሹ ውስጥ ተዘርግታ ቀስ በቀስ ስትከስም እስከየት ድረስ መከተል እንደሚችሉ ይዩ። እኔ በሲዲው ላይ ራቅ ብዬ እከተላታለሁ።

አራተኛውን ነጥብ፣ ሲዲ ጆሮ ይወጋል የሚለውን፣ ግማሹን እቀበላለሁ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዙ አልበም ጮክ ብሎ እንዲሰማ ተጨፍልቆ ወጥቷል፤ ዝቅ ያለው ከፍ ተደርጎ፣ ከፍ ያለው ጫፉ ተቆርጦ። ሸክላ ላይ እንደዚያ ማድረግ ይከብዳል፣ መርፌው ይዘላል፣ ወይም የገጹ ርዝመት ይጠባል። ግን ሲዲ እንዲጨፈለቅ የሚያስገድድ ነገር የለም፤ የጨፈለቁት ሰዎች ናቸው። ያንኑ የተጨፈለቀ ዲጂታል ማስተር ወስደው ሸክላ ላይ የሚቆርጡ ደግሞ ሞልተዋል። የ1997ቱን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ለጆሮዬ የተጨፈለቀ ሆኖ አላገኘሁትም። ጸሐፊው የወጋቸው የትኛው ሲዲ እንደሆነ ቢነግሩን ኖሮ መልሱ ይቀል ነበር።

አምስተኛው፣ የ180 ግራም ሸክላ ነገር፣ ብዙ አያነጋግርም። ክብደቱ ሸክላው እንዳይጣመም ሊረዳ ይችላል። ቦዩን ግን ጥልቅ አያደርገውም፤ ጥሩ ያልተቆረጠ ላከር በከባድ ፕላስቲክ ቢታተም ጥሩ ያልተቆረጠ ከባድ ሸክላ ነው። የ1959ኙ ኦሪጅናልም ባለ180 ግራም ተብሎ አልተሸጠም።

«ጆሮ አይዋሽም» የሚለው ስድስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አባባሉ የተነገረው ለሌላ ነገር ቢሆንም እዚህም ይሠራል። ሁለት ድምፆች አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ከፍ ብሎ ሲሰማ፣ ከፍ ማለቱን ሳናስተውል «ይሻላል፣ ሕይወት አለው» እንላለን። እኔ ለዓመታት የሸክላዬን ሙላት ሳሞግስ ኖሬ አንድ ቀን ስለካው የሸክላ ማጉያዬ ከሲዲው መስመር ከፍ ብሎ ነው የሚወጣው። ሙላቱ የድምፅ ቁልፍ ነበር። አፈርኩ፤ ለማንም ሳልነግርም ቆየሁ። ጸሐፊው ንጽጽራቸውን ከማድረጋቸው በፊት የሁለቱን ድምፅ መጠን አስተካክለው እንደሆነ አንድም ቃል አላሉም።

ደግሞ የ2022ቱ ጉዳይ አለ። ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከኦሪጅናል ማስተር ቴፕ የተሠሩ እያለ በውድ ዋጋ ሲሸጣቸው ከነበሩት ሸክላዎች ብዙዎቹ በመሃል በዲጂታል ቅጂ ያለፉ መሆናቸው በዚያ ዓመት ታወቀ። ጆሯቸው የተመሰከረላቸው ሰብሳቢዎች ለዓመታት «ንጹሕ አናሎግ ይህ ነው» እያሉ ሲያወድሷቸው የነበሩት እነዚህኑ ነው። ቅሬታቸው ተገቢ ነው፤ የተነገራቸውና የገዙት አንድ አልነበረም። ግን ዲጂታሉ በጆሮ የሚያዝ ከሆነ ነገሩ እስኪነገራቸው ድረስ ለምን ማንም አልያዘውም? ሸክላዎቹ ጥሩ ስለነበሩ ይመስለኛል። ዲጂታል ደረጃ መግባቱ አላበላሻቸውም።

ሰባተኛው፣ ሸክላ ዘላለማዊ ነው የሚለው፣ በመርፌ የሚፋቅ ነገር ላይ ሲነገር ይገርማል። ሲዲም ቢሆን የማይጠፋ አይደለም፤ የአሉሚኒየም ሽፋኑ የዛገ፣ መጫወት ያቆመ ሲዲ በእጄ አለ። አንዱ በአጠቃቀም፣ ሌላው በአሠራር ስሕተት ያልቃል።

ስለ ሽፋኑ፣ ቢል ኢቫንስ ጀርባው ላይ ስለጻፈው የጃፓን ሥዕል፣ ጽሑፉን በሸክላው መጠን ማንበብ ምን ያህል እንደሚለይ የጻፉትን ግን እፈርምበታለሁ። የሲዲዋን ቡክሌት ለማንበብ መነጽር ያስፈልገኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃቸው። ኤፕሪል 22 ቀን መቅረጫው በልኩ ነበር የሚዞረው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ገጽ በ1959ኙ ሸክላም፣ በ1980ዎቹም ሆነ በ1997ቱ ሲዲ ቅኝቱ አንድ ነው። «ኦል ብሉስ»ን ይውሰዱ። የሁለቱን ድምፅ መጠን በመለኪያ ያስተካክሉ፣ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሰው ይቀይርልዎ፣ ሞኖ ይሁን ስቴሪዮ፣ ከመለያው ዳር የተጫረው ቁጥር ምን እንደሚል ይጻፉልን። ውጤቱ ሸክላው ቢሆንም አነበዋለሁ።